የእንጦጦ ቁልቁለትና የብሎን ልክ

ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ በሳይክል መውጣት ጉልበት ይፈትናል፤ መውረዱ ብሎን። የላላ መሪ ቁልቁለት ላይ ከዞረ ጨዋታው አለቀ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ ካርቦን ይሰነጥቃል። «ጥብቅ አርገው» የሚለው የሰፈር ምክር እዚህ አይሰራም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ቡድኑ መካኒክ ነበረው። የሽሮ ሜዳው ጋላቢ መካኒኩ ራሱ ነው። የሚያስፈልገው ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ትንሽ ቶርክ ቁልፍ ነው፤ እንደ ዳኛ ፊሽካ፣ ሲሰማ ማቆም ነው።

አብዛኞቹ የመሪ ብሎኖች ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ ተጽፏል። የሚገዛው ቁልፍ ይህንን ልክ ይያዝ። ፔዳል ግን ከ30 በላይ ይፈልጋል፤ ትንሹን ቁልፍ እዚያ ማሰለፍ በረኛን አጥቂ ማድረግ ነው።