ሕንፃው ሳይለሰን ሊታሰብበት የሚገባው የኔትወርክ መስመር

በአዲስ አበባ አዲስ የተጠናቀቀ የንግድ ሕንፃ ለማከራየት የተሰማራ ደላላ ከተከራይ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ካሬው ስንት ነው? ጄኔሬተር አለው ወይ? ሊፍቱ ይሠራል ወይ? ውኃስ? የመኪና ማቆሚያስ? አሁን አሁን ግን በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «የኔትወርክ መስመር ተዘርግቶለታል ወይ?» የሚል። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ክሊኒኮችና የጉዞ ወኪሎች ይህን ሳይጠይቁ ውል አይፈርሙም። አፉን ሞልቶ «አዎን» የሚል አከራይ ግን ብዙ አይደለም።

መልሱ «አይደለም» ሲሆን የሚከተለው ነገር በየሕንፃው የሚታይ ነው። ተከራዩ የራሱን ባለሙያ ያመጣል፤ የተለሰነው ግድግዳ ይፈለፈላል፤ ሶሌታው በድሪል ይበሳል፤ ሽቦው በኮርኒሱ ላይ እንደ ሐረግ ይጎተታል። ውሉ ሲያልቅ ተከራዩ ሽቦውን ቆርጦ ይሄዳል፤ ቀጣዩም እንደገና ይፈለፍላል። በመሀል «ይህን ማን ይክፈል?» የሚል ድርድር ይነሣል፤ ድርድሩም ብዙውን ጊዜ የሚጠናቀቀው ከኪራዩ ላይ በመቀነስ ነው። ባለሀብቱ ግንባታው ላይ ቆጠብኩ ያለው ገንዘብ በኪራይ በኩል ይወጣበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «አሁን ሁሉም ነገር በዋይፋይ ሆኗል፤ ሽቦ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን ኮርኒስ ላይ የሚሰቀለው የዋይፋይ መሣሪያ ራሱ መረጃውንም ኤሌክትሪኩንም የሚያገኘው በኔትወርክ ገመድ ነው። የጥበቃ ካሜራው፣ የበር መክፈቻው፣ የጠረጴዛ ስልኩም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደረጃ በአንድ የኔትወርክ ገመድ እስከ 90 ዋት ኃይል ለመላክ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዋይፋይ በበዛ ቁጥር ኮርኒስ ላይ የሚወጣው ገመድ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

የሕንፃ ባለቤት በመጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ሁለት ወጪ አለ። አንዱ መንገዱ ነው፤ ማለትም ቱቦው፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣበት ቀዳዳና የመሣሪያ ክፍሉ። ሁለተኛው ገመዱ ነው። ገመድ ይለወጣል፤ መንገድ ግን ብሎኬቱ ከተደረደረና ልስኑ ካለቀ በኋላ በቀላሉ አይሠራም። ገንዘብ ያጠረው ባለሀብት ገመዱን ለተከራይ ቢተው ብዙ አይጎዳም፤ ቱቦውን ከተወ ግን ሕንፃውን ዕድሜ ልኩን ይፈለፍለዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ምን ያህል እንደወጣ ነጋዴው ስለሚያውቀው ይህን ልዩነት ማወቁ ትርፍ አለው።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ሕግ ነው። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከመሣሪያ ክፍሉ እስከ ግድግዳው ሶኬት ድረስ ከ90 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ለሚጨመሩት አጫጭር ማገናኛዎች በድምሩ 10 ሜትር ይፈቀዳል፤ ጠቅላላው 100 ሜትር ነው። ይህ ርቀት በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካ አይደለም። ገመዱ ወደ ኮርኒስ ይወጣል፣ ኮለኑን ይዞራል፣ እንደገና ወደ ጠረጴዛ ይወርዳል። በመሆኑም ክፍሉ የሕንፃው አንድ ጥግ ላይ ሲሆን ሌላው ጥግ ከሕጉ ውጭ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። ክፍሉ በየፎቁ፣ በተቻለ መጠን መሀል ላይ፣ አንዱ በአንዱ አናት ላይ ቢሆን ይመረጣል። የእኛ ሕንፃዎች የተለመደ ጥፋት ክፍሉን ከደረጃ ሥር ወይም ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ማድረግ ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚጠፋው መሣሪያው ይሆናል። የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ኤርዝና አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል፤ ቁልፉም ከጥበቃ እጅ ውጭ ቢሆን መልካም ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ፎቅ ለሥራ የሚውል 600 ካሬ ሜትር ቦታ አለው እንበል። ለአንድ ሠራተኛ 10 ካሬ ብንይዝ 60 ጠረጴዛ ይሆናል። ለአንድ ጠረጴዛ ሁለት መስመር ሲደረግ 120 መስመር ነው። አማካይ ርዝመቱ 35 ሜትር ከሆነ 4,200 ሜትር ገመድ ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው አንድ ካርቶን 305 ሜትር ስለሆነ በካልኩሌተር 14 ካርቶን ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ካርቶን የሚወጣው ሙሉ መስመር ስምንት ብቻ ነው፤ የተረፈው ጫፍ አይቀጠልም። ስለዚህ 15 ካርቶን ይገዛል። በሰባት ፎቅ 105 ካርቶን መሆኑ ነው። ኮንትራክተሩ ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካቀረበ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ቱቦውን በተመለከተ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ አራት የካት 6 ገመድ ካለፈ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲታጨቅ ገመዱ ሲጎተት ይጎዳል፣ ነገ የሚጨመርበትም ቦታ አይኖርም።

የትኛውን ዓይነት እንግዛ ለሚለው፣ ካት 5ኢ በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ያንኑ ከማድረሱ ሌላ በአጭር ርቀት፣ እስከ 55 ሜትር ገደማ፣ አሥር ጊጋቢት ይችላል። ካት 6ኤ አሥሩን ጊጋቢት ሙሉ 100 ሜትር ይወስዳል፤ ግን ወፍራምና ውድ ነው፣ ቱቦውም መስፋት አለበት። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለተራ የቢሮ ሕንፃ ካት 6 በቂ ነው፤ ወደ ዋይፋይ መሣሪያዎች ለሚሄዱት መስመሮች ግን 6ኤ ቢደረግ አያስቆጭም።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ማጭበርበሩ ነው። በገበያው ውስጥ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ «ካት 6» ተብሎ መጻፉ ምንም ዋስትና አይሆንም። አልሙኒየም ከመዳብ በጣም ስለሚቀል ካርቶኑን በማንሣት ብቻ የሚጠረጥሩ ነጋዴዎች አሉ። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ ካሜራና ዋይፋይ ኃይል ሲወስዱበት ይሞቃል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። በዓለም አቀፉ ደረጃም ተቀባይነት የለውም። ውሉ ላይ «ንጹሕ መዳብ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ይግባ።

ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣው ዋና መስመር ፋይበር ቢሆን ይመረጣል። ርቀት አያስቸግረውም፤ በክረምት መብረቅ ሲኖርም ብረት የሌለው ፋይበር ከፎቅ ወደ ፎቅ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የሚያልፍበት ቀዳዳ ጭስ እንዳያሳልፍ እሳት በሚከላከል ማሸጊያ መደፈን አለበት። የኔትወርክ ገመድና የ220 ቮልት ሽቦ በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ደግሞ ለጥራቱም ለሕይወትም አደጋ ነው።

ከመንገድ ወደ ሕንፃው የሚገባውስ? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተከራዩ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለው። አንዱን በዋናነት ሌላውን በመጠባበቂያነት የሚፈልግ ድርጅትም ይኖራል። ስለሆነም ከግቢው ወሰን እስከ ምድር ቤቱ ቢያንስ ሁለት ባዶ ቱቦ፣ ቢቻል በሁለት አቅጣጫ፣ መሠረቱ ሲቆፈር ይቀበር። በኮሪደር ልማት ታድሶ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ በኋላ ለመቆፈር ፈቃዱም ወጪውም ቀላል አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ ኤሌክትሪሻኑ ስምንት መብራት ባላት ትንሽ መሣሪያ ይለካና «ይሠራል» ይላል። ያ መሣሪያ የሚያሳየው ክሮቹ መገናኘታቸውን ብቻ ነው፤ መስመሩ ፍጥነቱን መሸከሙን አያሳይም። እንደ ፍሉክ ባለው የደረጃ መለኪያ የእያንዳንዱ መስመር ውጤት ታትሞ መቅረብ አለበት። ሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጠፍበት፤ ቁጥሩም በተሠራው ልክ በተነሣ ፕላን ላይ ይስፈር። ይህ ሁሉ ሳይቀርብ የመያዣ ገንዘቡ እንዳይለቀቅ ውሉ ሲረቀቅ ማስገባት ይቻላል። ደላላውም ተከራይ ይዞ ሲመጣ ከካሬው ፕላን ጋር የዚህን ሰነድ ኮፒ ቢይዝ ለጥያቄው መልስ ይኖረዋል።