የቬትናም ቡና ድሃውን አነሣ፤ ገበያውን ግን ጣለ

በጅማ ቡና የሚለቅመው ገበሬና በቬትናም ዳክ ላክ ክፍለ ሀገር ቡና የሚያጠጣው ገበሬ አይተዋወቁም። ይሁን እንጂ ካለፉት ሦስት አሠርት ዓመታት ወዲህ የአንዱ ምርት የሌላውን ኪስ ሲነካ ቆይቷል። ድህነትን በመቀነስ ረገድ በምሳሌነት ከሚጠሩት አዳጊ አገሮች አንዷ ቬትናም ናት። ድሃዋ እንዴት እንደተነሣ፣ መነሣቱስ በሌላ አገር ድሃ ላይ ምን እንዳስከተለ ከቡና ገበያ የበለጠ የሚያሳይ የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ የሆኑት ተለይተው ተጠቅሰዋል።)

በ1986 የቬትናም የዋጋ ንረት በዓመት ከ700 በመቶ በላይ ነበር። ሩዝ አብቃይ አገር ሆና ሳለ የምግብ እጥረት አላጣትም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ገዥው ኮሚኒስት ፓርቲ «ዶይ ሞይ» የተባለውን የኢኮኖሚ ለውጥ አወጀ። በ1988 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይዘውት የነበረው መሬት ለየቤተሰቡ ተደለደለ። ውጤቱ ብዙ አላስጠበቀም፤ በ1989 ቬትናም ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች።

በ1993 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያስተላልፍ፣ እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስና በባንክ እንዲያስይዝ ፈቀደለት። ባለቤትነቱን ግን አልሰጠውም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት በኢትዮጵያ ላለ አንባቢ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ነው። መብቱ ለዓመታዊ ሰብል 20 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል 50 ዓመት ነበር። ቡና ተተክሎ ለማፍራት ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈልግ፣ ነገ መሬቱ ይነጠቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይተክለውም።

ሌላው ምክንያት ከለንደን የመጣ ነው። የዓለም ቡና ድርጅት ለየአገሩ ኮታ እየደለደለ ዋጋ ይጠብቅ የነበረው ስምምነት ሐምሌ 1989 ፈረሰ። ለነባሮቹ ላኪዎች የከለላው መውደቅ ለአዲስ ገቢዋ ቬትናም የበር መከፈት ሆነ። መንግሥት ብድር አቀረበ፤ ከቆላማው አካባቢ ሕዝብ ወደ ደጋው አሠፈረ፤ ገበሬው ማዳበሪያ አፍስሶ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር እየሳበ ሮቡስታ አለማ። ከሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያም በላይ ማግኘት ተለመደ፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥላ ሥር ቡናው የሚያገኘው የዚህን ሢሶ ያህል ነው። በ1990 አንድ ሚሊዮን ተኩል ከረጢት ያህል የነበረው የቬትናም ምርት በ2000 ከ14 ሚሊዮን በለጠ። አገሪቱ ኮሎምቢያን አልፋ ከብራዚል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነች።

በአገሪቱ መለኪያ መሠረት በ1993 ከሕዝቡ 58 በመቶ ድሃ ነበር። በ1998 ወደ 37፣ በ2002 ወደ 29 በመቶ ወረደ። ይህ ሁሉ በቡና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሩዙ፣ ፋብሪካውና ከ1994 ወዲህ የተነሣው የአሜሪካ ማዕቀብም ድርሻ አላቸው። ለደጋው ገበሬ ግን ቡናው ቤት ሠርቶለታል፣ ልጅ አስተምሮለታል።

ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መትከሉ ነው። ብራዚልም ምርቷን ጨምራ ስለነበር ገበያው ሞልቶ ፈሰሰ። በግንቦት 1997 በኒውዮርክ ከ3 ዶላር በላይ ያወጣ አንድ ፓውንድ አረቢካ በ2001 ግማሽ ዶላር እንኳ አልሞላ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ቶን ሮቡስታ በለንደን ከ400 ዶላር በታች ተሸጠ። የኢትዮጵያ የቡና ገቢ በ1990 ዓ.ም. ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በ1994 ዓ.ም. ከ170 ሚሊዮን በታች ሆነ። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው፤ ሒሳቡን ለሚያውቅ የሚያስወቅሰው አልነበረም።

ቬትናሞችም አላመለጡም። ማዳበሪያና ነዳጅ በዱቤ የገዙት ዕዳ ውስጥ ገቡ። የጉድጓዱ ውኃም እየራቀ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን ከቀድሞ ጀምሮ በደጋው የሚኖሩት አናሳ ብሔረሰቦች ጉዳይ ነው። መሬታቸው በሠፋሪ ተይዞባቸው በየካቲት 2001 አደባባይ ወጡ። በ2010 እነዚህ ብሔረሰቦች ከሕዝቡ 15 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ ከድሆቹ ግን 47 በመቶ ያህሉ እነርሱ ነበሩ። የአገር አማካይ ቁጥር ሲያምር እንዲህ ያለውን ይሸፍናል።

ገበያው በኋላ ተገለበጠ። በብራዚልና በቬትናም ድርቅ ገብቶ በየካቲት 2025 አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የኢትዮጵያም የቡና ገቢ በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በለጠ። በዳክ ላክ ግን ዋጋው ወድቆ በነበረበት ዘመን ቡናቸውን ነቅለው ቁንዶ በርበሬና ዱሪያን የተባለውን ፍራፍሬ የተከሉት ገበሬዎች፣ ዋጋው ሲወጣ የሚሸጡት ቡና አልነበራቸውም።