ፍራንክ ዛፓ፦ ሥርዓት አክባሪው አመፀኛ

ሮክ ሙዚቃ አመፀኛ አጥቶ አያውቅም። አመፁን በኖታ ጽፎ፣ ባንዱን አድካሚ ልምምድ አስለምዶ፣ ከዚያ መድረክ ላይ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች ግንባር ቀደሙ ፍራንክ ዛፓ ነው። ጸጉሩንና ጢሙን አይተው ዕፅ ወሳጅ አድርገው የገመቱት ብዙዎች ነበሩ። እሱ ግን የሲጋራና የቡና ሰው ነበር፤ ሙዚቀኞቹም በጉዞ ላይ ዕፅ እንዳይነኩ ይከለክል ነበር።

በ1940 ባልቲሞር ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ያደገው ግን ካሊፎርኒያ ነው። በልጅነቱ የጥቁር አሜሪካውያንን ሪትም ኤንድ ብሉዝ እና የኤድጋር ቫሬዝን በከበሮና በሳይረን የተሞላ ዘመናዊ ሙዚቃ እኩል ወደደ። ለ15ኛ ዓመት ልደቱ የመረጠው ስጦታ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የቫሬዝ ቤት ስልክ መደወል ነበር። ቫሬዝ አውሮፓ ስለነበረ ያነጋገረችው ባለቤቱ ናት።

ይህ ድርብ ፍቅር ሥራውን ሁሉ ቀረጸው። በ1966 ከባንዱ ከማዘርስ ኦቭ ኢንቬንሽን ጋር ያወጣው «ፍሪክ አውት!» በሮክ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት ሸክላ አልበሞች አንዱ ነው። ተራ የሮክ ዘፈን በሚመስሉ ዜማዎች ይጀምርና በጩኸት፣ በንግግርና በከበሮ ውርጅብኝ ያልቃል። በ1968 «ዊ አር ኦንሊ ኢን ኢት ፎር ዘ መኒ» ወጣ። ፖሊሱንም፣ ወላጁንም፣ ፋሽን ተከታዩን ሂፒም እኩል ይነቅፋል፤ የወጣቱን ጭብጨባ ፍለጋ ወጣቱን አላቆላመጠም።

በ1969 የወጣው «ሆት ራትስ» ደግሞ ከአንድ ዘፈን በቀር ድምፃዊ የለበትም። ያኔ ብርቅ በነበረ ባለ 16 ትራክ መቅጃ የድምፅ ንብርብር ሠራበት። በውስጡ ያለው «ፒችስ ኤን ሬጋሊያ» አራት ደቂቃ ሳይሞላ ሮክን፣ ጃዝንና የኦርኬስትራ ቅንብርን ያለ ስፌት አዋህዷል።

አሠራሩም ለብቻው ይነገራል። ለድራመሩ ለቴሪ ቦዚዮ የጻፈው «ዘ ብላክ ፔጅ» ስሙን ያገኘው ገጹን ካጠቆረው የኖታ ብዛት ነው። መድረክ ላይ በአንድ የእጅ ምልክት ባንዱን ከሮክ ወደ ሬጌ ያዞረው ነበር። ኮንሰርቶቹን ይቀዳል፤ ከዚያ የአንዱን ምሽት የጊታር ሶሎ ቆርጦ ፈጽሞ በማይገናኝ ሌላ ሪትም ላይ ይጭነዋል። በ1979 የወጣው፣ ሙዚቃ የተከለከለበትን አገር የሚተርከው «ጆስ ጋራዥ» በዚህ ዘዴ የተሞላ ነው።

ክልከላ ለእሱ ተረት ብቻ አልነበረም። በ1985 አልበሞች ላይ ስለ ግጥማቸው ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ነፃ ንግግርን ይጎዳል ሲል ተከራከረ። በኮሚኒስት ቼኮዝሎቫኪያ ስሙን ከዛፓ ዘፈን የወሰደው ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ የተባለ ባንድ ነበር። አባላቱ በ1976 መታሰራቸው «ቻርተር 77» ለተባለው የመብት ንቅናቄ መነሻ ሆነ። ከንቅናቄው መሪዎች አንዱ የነበሩት ቫስላቭ ሃቨል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በ1990 ዛፓን ፕራግ ላይ በክብር ተቀበሉት።

ሁሉም ሥራው ግን አይወደስም። ብልግና የበዛባቸውና ሴቶችን የሚያንኳስሱ ግጥሞቹ ዛሬም ያስቀይማሉ፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው።

ኋላ ላይ ሲንክላቪየር በተባለ ኮምፒውተራዊ መሣሪያ ብቻውን ማቀናበር ጀመረ፤ በዋናነት በእሱ የተሠራው «ጃዝ ፍሮም ሄል» የግራሚ ሽልማት አስገኘለት። በካንሰር እየተሠቃየም ኢንሳምብል ሞደርን የተባለው የጀርመን ቡድን በ1992 ሥራዎቹን ሲያቀርብ አይቷል። ቀረጻው «ዘ የሎው ሻርክ» በሚል ርዕስ በታተመበት በ1993፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ ከ60 በላይ አልበሞች አውጥቷል።

አልበሞቹን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ሥራ ያያቸው ነበር፤ ስለዚህም ዜማና ገጸ ባሕርይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አዲስ አድማጭ በ«ሆት ራትስ» ቢጀምር፣ በ1975ቱ «ዋን ሳይዝ ፊትስ ኦል» ቢቀጥልና «ዘ የሎው ሻርክ» ላይ ቢደርስ፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝና ቫሬዝ በአንድ ጆሮ ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ራሱ ይመሰክራል።