ምግብ ለጐደለው ሰው የብረት መርፌ ስለሚያመጣው ጕዳት

ብረት ማረሻና መጥረቢያ የሚሆን ማዕድን ብቻ አይደለም፤ በሰው ደም ውስጥም ይገኛል። በአንድ ጐልማሳ ሰውነት ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ያህል ነው፤ ይህም የአንዲት ምስማር ክብደት ነው። ነገር ግን ደም ከሳንባ የተቀበለውን ንጹሕ አየር ለብልቶች ሁሉ የሚያደርሰው በዚሁ ጥቂት ብረት ነው። ስለዚህ ብረቱ ያነሰው ሰው ይገረጣል፤ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፤ ተማሪም እንደ ሆነ ትምህርቱን ማስተዋል ይሳነዋል።

እንግዲህ ብረት ካነሰው በመርፌ ይጨመርለት የሚል ሰው አሳቡ የቀና ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ የቀለለ አይደለም። በረኀብ የከሳ፥ ወይም ፊቱና እግሩ ያበጠ ሕፃን የጐደለው ብረት ብቻ አይደለም። ብረትን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚያደርስ ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ይህንንም ጉበት የሚሠራው ከምግብ በተገኘው ነውና፥ በተራበ ሰው ዘንድ መጠኑ እጅግ ያንሳል። ደግሞም ተሕዋስያን ለመባዛት ብረት ይሻሉ፤ ሰውነትም ይህን እንደሚያውቅ ያህል ደዌ ሲገባበት ብረቱን ይሸሽጋል። ተሸካሚው ሳይኖር ብዙ ብረት በአንድ ጊዜ ቢገባ፥ አህያ ጠፍቶ ሜዳ ላይ እንደ ተራገፈ እህል ይሆናል፤ አስቀድሞ የሚበላውም ባለቤቱ አይደለም።

በኒው ዚላንድ አገር ለፖሊኔዥያ ተወላጆች ሕፃናት ደም እንዳያንሳቸው በማለት በተወለዱ ሰሞን ብረት በመርፌ ይሰጥ ነበር። እነዚህም በረኀብ የከሱ አልነበሩም። ሆኖም መርፌውን ከተቀበሉት ከ1000ው 17ቱ በደም መመረዝ ታመሙ፤ ካልተቀበሉት ግን ከ1000ው 3 አይሞሉም። ይህ በ1977 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታትሞ ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 እንዲሁ በፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ በምግብ እጦት እጅግ ለተጐዳ ሕፃን በሕክምናው መጀመሪያ ብረት እንዳይሰጥ፥ ምግብ መሻት ሲጀምርና ክብደቱ ሲጨምር ግን በአፍ እንጂ በመርፌ እንዳይሆን አዘዘ።

በጐልማሶችም ዘንድ ሌላ ጕዳት አለ። ከብረት መርፌዎች አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ፌሪክ ካርቦክሲማልቶዝ የሚባለው፥ ፎስፎረስ በሽንት እንዲፈስ ያደርጋሉ፤ አስቀድሞ ፎስፎረስ ወይም ቪታሚን ዲ ያነሰው ሰው ከዚህ የተነሣ ጡንቻው ይዝላል፤ አጥንቱን ያመዋል። ሕመምተኛውም ይህን የበፊቱ ድካም ነው ብሎ ሌላ መርፌ ሊለምን ይችላል፤ ይህ እጅግ የሚያሠጋ ነው።

መርፌው ከቶ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ኪኒን ያልተስማማው ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ይድንበታል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ወዲያው ትንፋሽ የሚያሳጥር፥ ሰውነትን የሚያሳክክና የደም ግፊትን የሚጥል ቍጣ ያስነሣል። ስለዚህ በሐኪም ቤት መርፌውን የተቀበለ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ እየታየ ይቈያል፤ ማዳኛው መድኃኒትም በአጠገቡ ይዘጋጃል። በየገበያው መርፌ ይዞ የሚዞር ሰው ግን ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል።