ያውቁ ኖሯል? ውሃ የማይፈታው

በርበሬ አፍዎን ሲያቃጥልዎ ውሃ መጠጣት ብዙም አይረዳም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በቅባትና በአልኮል ግን ይሟሟል። እርጎ ይሻላል።

የኮሶ ትልን የሚገድለው ንጥረ ነገርም እንዲሁ ነው፦ አልኮል፣ ኤተርና ክሎሮፎርም ያሟሙታል፤ ውሃ ግን አያሟሟውም። እናቶቻችን ኮሶውን አጥልለው ሳይሆን ከነአተላው ያጠጡ የነበረው ወደው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍም ሳይጠለል ይጠጣ ብሎ አዟል። (መጠኑ ካለፈ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ዛሬ አይሞክሩት።)

እንዶድ ግን የውሃ ወዳጅ ነው። አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን በወንዝ ውሃ ስለሚሟሟ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና የበሽታው ምርምራቸው ከዚያ ተነሣ።

በእስቴ በኩል ወደ ሞጣ ያሻግር የነበረው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ የተገነባው ሰባራ ድልድይ ስንቱን የዓባይ ክረምት ችሏል። መሐሉን የሰበረው ውሃ ሳይሆን የጣሊያን ዘመን ጦርነት ነው። የድልድዩን ኖራ ውሃ ያልፈታው ለምን ቢሉ፣ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 360 ግራም ያህል ጨው ሲሟሟ፣ ከኖራ ድንጋይ የሚሟሟው 15 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው።

አሲድ ሲነካው ግን ሌላ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም ያው የኖራ ድንጋይ ነውና ሎሚ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ሲደፍቅ ያያሉ። የጉና ተራራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቢያንጠባጥቡ ግን ምንም አያዩም፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው።

ዋናው ጉዳይ እርሻ ላይ ነው። በጋይንትና በእስቴ ደጋ ዝናቡ ካልሲየሙን ለዘመናት አጥቦ ስለወሰደው ብዙ ማሳ ኮምጥጧል። በገለልተኛ አፈር የማይሟሟው አልሙኒየም፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምርና የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል። ፎስፈረሱንም ከብረት ጋር ሆኖ ይይዘዋል፤ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ማሳው ላይ እያለ ሰብሉ ይራባል። ዝናብ አነስ በሚልበት በስማዳ ቆላ ችግሩ ይቀልላል።

መፍትሔው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲዱ ራሱ ያሟሟዋል፣ ሲሟሟም አሲዱን ያረክሰዋል። ታዲያ ከመበተንዎ በፊት አፈርዎን ያስመርምሩ፤ ኖራ ከልክ ሲያልፍ ዚንክና ብረት በተራቸው አልሟሟ ብለው ሰብሉን ያስርቡታል።