ፊክስቸር የሌለው የገና ጨዋታ

የእንግሊዝ ክለቦች በታኅሣሥና በጥር ጨዋታ ተደራረበብን ብለው ሲያማርሩ መስማት ለኳስ አፍቃሪው አዲስ አይደለም። በዚያው ሰሞን በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ጨዋታ ይጦፋል። ፊክስቸሩን የሚያወጣለት ግን ፌዴሬሽን ሳይሆን አዝመራው ነው። ጨዋታው ገና ይባላል።

ከደምበጫ ተነስቶ በጂጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባው መንገድ ግራና ቀኙ ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ ነው። ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ እረኛው ከብት ሲመልስ ስለሚውል ለጨዋታ ጊዜ የለውም። አጨዳው ሲያልቅ ግን ሜዳው ይከፈታል፣ ልጆቹም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ያሯሩጧታል። ትልቁ ፍልሚያ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28።

በመንደር ጨዋታ "ከ17 ዓመት በታች" ብሎ ነገር የለም። ታዳጊው ከጎረምሳው ጋር እኩል ይሰለፋል። ቅልጥሙን ቢባልም ክስ የለም፣ በገና ጌታም አይቆጣም ተብሏልና!

የገና የሩቅ ዘመድ የሆነው የአየርላንዱ ሀርሊንግ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቋል። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 ነው የተመሠረተው። በ2018 የታዳጊዎቹን ውድድር ከ18 ዓመት በታች ወደ 17 አወረደው። አንዱ ምክንያት የማጠናቀቂያ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች በጨዋታ እንዳይጨናነቁ ነው። የ18 ዓመቱ ልጅ ግን ከታዳጊው ወጥቶ አዋቂው ጋር ሳይደርስ መሀል ላይ ቀረ የሚል ቅሬታ አስነሳ። በዚያው በ2018 ሀርሊንግ የዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

እኛ ጋ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ደንብ አውጥቶለታል፣ ከትግልና ከገበጣ ጋርም በአገር አቀፍ ውድድር ያጫውተዋል። የሜዳ ልክና ዳኛ ያለው ገና ግን የክልል ቡድኖች ነው፤ የእረኛው ልጅ ከዚያ የሚደርስበት መሰላል የለውም።

መሰላሉ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችል ነበር። ይሁንና በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፣ በ2016 ዓ.ም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። በር ሲዘጋ የትምህርት ቤት ስፖርትም አብሮ ይቆማል።

ሰላም ሲኖር ቀኑ አይጠፋም። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት 12 ቀናት አዝመራው በአብዛኛው ተነስቷል፣ ልጁም እጁ ፈታ ይላል። ልጆቹን በዕድሜ ከፍሎ የፍኖተ ሰላምን ከቡሬ ማጋጠም ስታዲየም አይጠይቅም። ዱላው ከጫካ ይቆረጣል፣ ሜዳውም አለ። የሚጎድለው ፊሽካ የሚነፋ ዳኛና ልጆቹ በሰላም ወጥተው የሚገቡበት መንገድ ነው።