የጥራት ምስክር ወረቀት ምን ይመሰክራል?

በአንድ ድርጅት ግድግዳ ላይ «አይሶ 9001» የሚል ምስክር ወረቀት ተሰቅሎ ስታዩ፥ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ተመርምሮ እንከን የለሽ መሆኑ የተረጋገጠ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራውን የጀመረውና ጽሕፈት ቤቱ በዠኔቭ የሚገኘው አይሶ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት፥ ደንቡን ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም። በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው 9001ም የሚመለከተው ዕቃውን ሳይሆን የሥራውን አመራር ነው፤ ይኸውም ድርጅቱ የደንበኛውን ፍላጎት ለይቶ ማወቁን፥ አሠራሩን በሰነድ መያዙን፥ ጉድለት ሲገኝም ምክንያቱን መርምሮ ማረሙን ነው። ይህን አጣርተው የሚመሰክሩት ከድርጅቱ ውጭ የሆኑ መርማሪዎች ናቸው። ምስክርነቱም በተለመደው አሠራር ለሦስት ዓመት የሚጸና ሲሆን፥ በየዓመቱ ክትትል ይደረግበታል።

እንግዲህ ቀጭን ቧንቧ የሚሠራ ፋብሪካ አመራሩ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧው ግን ለእናንተ ሥራ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ በጨረታ ሲቀርብላችሁ ማኅተሙን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ማን ሰጠው? ሰጪውስ ራሱ በአክሬዲቴሽን ተቋም ተመዝኖ የታመነ ነውን? የትኛውን የሥራ ክፍል ይሸፍናል? ዘመኑስ አላለፈምን? ለመጋዘኑ የተሰጠ ምስክርነት ለፋብሪካው አይሆንም። የሚከፈለው የሕዝብ ገንዘብ ነውና፥ ዕቃውን መርምሮ የመረከቡ ኃላፊነት ምንጊዜም የገዢው ነው።